የ12 ዓመት መዝገቤን ያተረፈልኝ ልጅ

ይህን የምጽፈው አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴንም እንደኔ በድሮ ፕሮግራም ለምትሠሩ ልጠቁማችሁ።

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የዘጠኝ ትንንሽ ድርጅቶችን መዝገብ እይዛለሁ። ሁሉም ያለው ፒችትሪ 2010 የሚባል የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ነው። ሐምሌ 1ን ጁላይ 8 ብዬ የከፈትኩት የሂሳብ ወር፣ የደንበኛው ዕዳ፣ የአቅራቢው ቀሪ ሂሳብ፣ የ12 ዓመት ሥራ። ይህን ሁሉ የያዘው ቶሺባ ላፕቶፔ ጥቅምት 2018 መግቢያ ላይ እምቢ አለ። ይበራል፣ ጥቁር ስክሪን ያሳያል፣ ይጠፋል። የደረጃ «ሀ» ግብር ማሳወቂያ ደግሞ ጥቅምት 30 ያበቃል። እንቅልፍ አጣሁ።

መገናኛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ቀጭን፣ የሚያምር ላፕቶፕ አወጣልኝ። ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል አለኝ። «ፒችትሪ ይሠራበታል?» ስለው «ምን የማይሠራ አለ!» አለ። ቀብድ ልከፍል ስል የእህቴ ልጅ ስልኩን የሰጠችኝ ባለሙያ ትዝ አለኝ። ደወልኩለት። ተያይተን አናውቅም።

«እትዬ፣ ኪቦርዱ አጠገብ ያለውን ተለጣፊ ያንብቡልኝ» አለኝ።

«ስናፕድራገን ይላል።»

«ምንም እንዳይከፍሉ። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»

መጣ። ወደ ሱቅ እንሄዳለን ብዬ ስነሳ አስቀመጠኝና ወረቀት አወጣ። በሥራዬ የምነካውን ሁሉ አንድ በአንድ አስቆጠረኝ። ፒችትሪ። ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር የሚጠቀምበት የፊደል አሠራር፣ ዩኒኮድ፣ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ቪዥዋል ግዕዝ በሚባል ፎንት የተጻፉ ደብዳቤዎች። ባለሦስት ቅጂ ወረቀት የማትምበት ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር። አንድ ደንበኛዬ እስከዛሬ የሚያመሳክርባት በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው ሥርዓት) የተሠራች የደመወዝ ፕሮግራም። እሷንስ ረስቻት ነበር። «ሌላስ?» እያለ ነው ያስታወሰኝ።

ከዚያ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳኝ። ዊንዶውስ 11 ያለው በ64 ቢት ብቻ ነው። 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ እንደዚያች የደመወዝ ፕሮግራም ያሉ የ16 ቢት ፕሮግራሞችን አይከፍትም። ስናፕድራገን የሚባል ፕሮሰሰር ያለበት ላፕቶፕ ለኢንተርኔትና ለቢሮ ሥራ ጥሩ ነው። ለኢንቴል የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞችንም እየተረጎመ ያስኬዳል። ለድሮ ፕሪንተር የተሠራ ድራይቨር (ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ግን አይቀበልም። ውስጡ የድሮ ዊንዶውስ ከፍቶ መሥራትም አይመችም። «ታዲያ ዊንዶውስ 10 ያለው ያገለገለ ልግዛ?» አልኩት። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 እንዳቆመ ነገረኝ። ገንዘቤን በዚያ ላይ እንዳላጠፋ መከረኝ።

ሌላ ሱቅ ሄደን ኢንቴል ኮር አይ5፣ 16 ጊጋ ራም ያለው መረጠልኝ። ሂሳብ ከመክፈሌ በፊት ላፕቶፑን አስከፍቶ ታስክ ማናጀር ውስጥ ገባ። ሲፒዩ የሚለውን ነካና «ቨርቹዋላይዜሽን፣ ኢኔብልድ» የሚለውን መስመር በጣቱ አሳየኝ። «እትዬ፣ እኛን የሚያስፈልገን ይቺ ናት፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የምታስከፍተን» አለኝ። ሻጩ ሲከራከረው በትህትና ዝም አለው።

የቶሺባውን ሀርድ ዲስክ ፈትቶ በኬብል አገናኘው። ዲስኩ ደህና ነበር። ያኔ አለቀስኩ። ሁሉንም ሁለት ቦታ ገለበጠ፤ የፎንት ፎልደሩንም ጭምር። ለምን እንደሆነ የገባኝ አንድ የድሮ ደብዳቤ አዲሱ ላይ ስንከፍት ነው። «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው አርዕስት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ወጣ። ፎንቱን ሲጭነው አማርኛው ቦታው ተመለሰ።

ፒችትሪን መጀመሪያ በቀጥታ ዊንዶውስ 11 ላይ ሞከረው። ፐርቬሲቭ የሚባለው ዳታቤዝ ጋ ሲደርስ ቆመ። በእጁ ለይቶ ሲጭነው ተከፈተ፤ ሪፖርት ወደ ኤክሴል ስልክ ግን ተዘጋብኝ። ሌላው ቢሆን «ይኸው ሠርቷል» ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። እሱ አልተዋጠለትም። ቨርቹዋልቦክስ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኖ ውስጡ ከራሴ የመጫኛ ዲስክ ባለ 32 ቢቱን ዊንዶውስ 7 አስገባ። አሁን አንድ መስኮት ስከፍት የድሮው ኮምፒውተሬ እንዳለ ይመጣል። ፒችትሪውም፣ የደመወዝ ፕሮግራሟም እዚያ ናቸው። ዶት ማትሪክሱም በዩኤስቢ መቀየሪያ ኬብል ያትማል። ዊንዶውስ 7 የደህንነት ማሻሻያ ስለማያገኝ የዚያን መስኮት ኢንተርኔት ዘጋው። ኢሜይልና ባንክ ከውጭ፣ ከዊንዶውስ 11 ብቻ።

ያኔም አልሄደም። የዘጠኙንም ድርጅቶች ትራያል ባላንስ (የሁሉም ሂሳቦች ቀሪ ዝርዝር) አንድ በአንድ አስከፈተኝ፤ ባለፈው ሰኔ 30 አትሜ ካስቀመጥኩት ወረቀት ጋር አስተያየኝ። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ስክሪኑ ላይ ይከተላል። ሳንቲም አልተዛነፈም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። ምሳም አልበላ።

ለምን አዲሱን አትገዢም የምትሉኝ አላችሁ። ፒችትሪ ዛሬ ሴጅ 50 ሆኗል፤ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ አለው፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ። እኔም ደንበኞቼም አንችለውም። ኦዲተር መጥቶ የዛሬ አምስት ዓመቱን መዝገብ ቢጠይቅ ደግሞ የምከፍተው በዚያው በድሮው ነው።

የሁለት ቀን ሥራውን 3,000 ብር አለኝ። ጨምሬ ስሰጠው ትርፉን መለሰልኝ። በሳምንቱ ደውሎ ባክአፕ መውሰዴን ጠየቀኝ። የመጨረሻውን ደንበኛዬን ጥቅምት 27 አሳወቅሁ።

የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅህ ይባረክ።

ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ እዚህ አልጻፍኩም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የምትሠሩባቸውን ፕሮግራሞችና የፕሪንተራችሁን ሞዴል ወረቀት ላይ ጻፉ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።