ለታችፓድ ክሊክ ተብሎ የሚሸጥ ድራይቨር አትግዙ

የላፕቶፑ ታችፓድ ቀስቱን በደንብ ያንቀሳቅሳል፤ ክሊክ ግን አልታዘዝ ይላል፣ ወይም ግራውን ስትጫኑ የቀኙ ሜኑ ይከፈታል። መፍትሔ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ስትገቡ ቀድሞ የሚቀበላችሁ ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፦ «ድራይቨርዎ አርጅቷል፣ በነፃ ስካን ያድርጉ»። ድራይቨር ማለት እንደ ታችፓድ ያለውን ዕቃ ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ነው። ስካኑ እውነትም ነፃ ነው። ሲጨርስ በቀይ የተጻፈ ረጅም ዝርዝር ያወጣል፤ «አስተካክል» የሚለውን ስትነኩ የባንክ ካርድ ይጠይቃል። አንዳንዶቹ ደግሞ በየዓመቱ በራሱ የሚታደስ ክፍያ ናቸው፤ ይህ የሚነገራችሁ ማንም በማያነበው ትንሽ ፊደል ነው።

የሚሸጡላችሁ ነገር በነፃ ያለ ነው። የታችፓዱን ድራይቨር የላፕቶፑ አምራች በድረ ገጹ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የሞዴሉን ቁጥር አስገብታችሁ ታወርዳላችሁ። በ2013 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 8.1 ጋር «ፕሪሲዥን ታችፓድ» የሚባለው አሠራር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ላፕቶፖች ላይ የጣትን እንቅስቃሴ የሚተረጉመው ዊንዶውስ ራሱ ነው። እዚያ ላይ የሚገዛ ድራይቨር ምን ሊጨምር ነው?

የአሁኖቹ ታችፓዶች አብዛኞቹ የተለየ የግራና የቀኝ ቁልፍ የላቸውም። ከሥር ያለው ማብሪያ አንድ ነው፤ ግራ ይሁን ቀኝ የሚወስነው ሶፍትዌሩ ነው፣ ጣታችሁ ያረፈበትን ቦታ አይቶ። ስለዚህ ክሊኩ ከተምታታ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ የታችፓዱን ክፍል እዩ። ሊኑክስ በሚባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ታችፓዱን የሚያስተናግደው ሶፍትዌር፣ ሊብኢንፑት፣ ሁለት ዘዴ አለው፦ አንዱ የታችኛውን ጠርዝ ግራና ቀኝ ብሎ ይከፍላል፣ ሌላው ጣት ይቆጥራል፤ በሁለት ጣት ስትጫኑ ቀኝ ክሊክ ይሆናል። «ተበላሸ» ከሚባለው ስንቱ ከአንዱ ዘዴ ወደ ሌላው የተቀየረ ብቻ ነው።

ችግሩ ከአፕዴት በኋላ ከጀመረ የዩኤስቢ ማውዝ ሰኩና የኮምፒውተሩን ዕቃዎች በሚዘረዝረው የዊንዶውስ መስኮት፣ ዲቫይስ ማኔጀር፣ ውስጥ ገብታችሁ «ሮል ባክ ድራይቨር» በሉት፤ የቀድሞውን ድራይቨር ይመልሳል። ካልፈቀደላችሁ ዲቫይሱን አንኢንስቶል አድርጋችሁ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሱት፤ ዊንዶውስ መልሶ ይጭነዋል።

ጥርጣሬ ካላችሁ ሊኑክስን ሳትጭኑት ከፍላሽ ላይ አስነሱ። እዚያ ክሊኩ ከሠራ ዕቃው ደህና ነው። እዚያም እምቢ ካለ ግን ችግሩ የዕቃው ሳይሆን አይቀርም፤ ድራይቨር ገዝታችሁ አታድኑትም።

በጣም የሚያናድደኝም ይኸኛው ነው። በብዙ ላፕቶፖች ባትሪው ታችፓዱ ሥር ወይም አጠገቡ ነው፤ ሲያብጥ ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ክሊኩም ይደርቃል። ታችፓዱ ከፍ ካለ፣ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ እኩል ካልተቀመጠ አጥፉት፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ አትጫኑት፣ አትብሱት፤ ለባለሙያ ስጡ። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሻጩ ግን ለዚህም ሰው ድራይቨር ይሸጥለታል፣ ስካኑ ባትሪ አያይማ!

ነፃ ስካን ተብሎ ማስፈራራት አዲስ ነገር አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ኦፊስ ዲፖ 25 ሚሊዮን፣ አጋሩ ሰፖርት ዶት ኮም 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምተዋል። ኮሚሽኑ እንዳለው፣ ደንበኛው መጀመሪያ ላይ ከሚጠየቃቸው አራት ጥያቄዎች ለአንዱ እንኳ አዎ ካለ፣ ስካኑ ምንም ሳያገኝ የቫይረስ ምልክት አለ ይል ነበር።

«በርቀት ገብተን እናስተካክልልዎ» የሚላችሁን ጭራሽ አታስገቡ።

ከፍላችሁ ከሆነ ሶፍትዌሩን ማጥፋት ክፍያውን አያቆመውም። መጀመሪያ እድሳቱን ሰርዙ፣ የስረዛውን ማረጋገጫ ኢሜይል አስቀምጡ፤ እምቢ ካሏችሁ ለባንካችሁ አመልክቱ። ከዚያ ሶፍትዌሩን አንሱና የጫነውን ድራይቨር በአምራቹ ድራይቨር ተኩት።