እናቴን ላቆመችልን የሥነ ምግብ ባለሙያ

እናቴ ትናንት ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ተመለሰች። ከአራት ወር በፊት ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃ ቤት የምትሄደው በሁለት ሰው ተደግፋ ነበር። ይህን ምስጋና የምጽፈው ለዚህ ነው።

ትንሹ አንጀቷ ተጠማዝዞ ደም ስላጣ ሐኪሞች የመጨረሻውን ክፍል ቆርጠው አወጡት። የመውጫ ወረቀቷ ላይ 120 ሳንቲ ሜትር ይላል። ሕይወቷን አትርፈዋል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ስለ ምግብ ግን የተነገረን «ለስላሳ ነገር ትብላ» የሚል ብቻ ነበር። እኛም የምናውቀውን አደረግን፤ አጥሚት በቅቤ፣ ገንፎ በቅቤ፣ ደሟ እንዲመለስ ደግሞ በየቀኑ ቀይ ሥር። ባበላናት ቁጥር ከሳች። በቀን እስከ ስምንት ጊዜ ያስቀምጣት ነበር።

ጎረቤታችን ወደዚህች ባለሙያ መራችን። ገና እንደገባን እኛን ትታ እናቴን ጠየቀቻት፤ «እማማ፣ ሰገራዎ ቅባት አለው? ውኃ ሲደፋበት አልሄድ ይላል?» እናቴ አፍራ ለሦስት ሳምንት የደበቀችንን ያን ጊዜ ተናገረች።

ከዚያ በሚገባት መንገድ አስረዳቻት። ቅቤ የነካው ድስት ያለ ሳሙና እንደማይጸዳ ሁሉ ቅባትም ያለ ሐሞት በደንብ አይፈጭም። ሐሞት ሥራውን ሲጨርስ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ተመጥጦ ወደ ጉበት ይመለሳል፤ ያው ሐሞት በቀን ደጋግሞ ይመላለሳል። ከእናቴ የተቆረጠው ይኸው መመለሻው ነው። ሐሞቷ አንዴ ሠርቶ ይፈስሳል፤ ጉበቷ የቱንም ያህል ቢያመነጭ ለዚያ ሁሉ ቅቤ አይበቃም። ያልተፈጨው ቅባት ትልቁ አንጀት ሲደርስ ያስቀምጣታል። ቀይ ሥሩም አልጠቀማትም። በቀይ ሥርና በቆስጣ ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ነገር አለ፤ ወትሮ ካልሲየም ይዞት ከሰገራ ጋር ይወጣል። ያልተፈጨው ቅባት ካልሲየሙን ሲሻማበት ግን ኦክሳሌቱ ወደ ደም ይገባና የኩላሊት ጠጠር ሊያመጣ ይችላል። ይህን ስሰማ ደነገጥሁ፤ በየቀኑ የምቀቅልላት እኔ ነበርኩ።

ቅባት ጨርሶ ይቅር አላለችም፤ ይህን በጣም አከብርላታለሁ። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ የከሳ ሰው ያን ሁሉ ማጣት የለበትም። የሾርባ ማንኪያችንን በሻይ ማንኪያ አስቀየረችን፤ ምግቡንም በቀን ስድስት ቦታ ከፈለችው። ስስ ሽሮ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ። ከምግቡ ጋር አሬራ እንድትጠጣ ነገረቻት፤ ቅቤው ወጥቶለት ካልሲየሙ የቀረ ነው። እናቴ በጣም የተደሰተችው በዚህ ነው፤ አሬራ የልጅነቷ ምግብ ነው።

ከቅባት ጋር የሚመጠጡት ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ እንዲታዩ፣ ቢ 12 ደግሞ የሚመጠጠው ከተቆረጠው ቦታ ስለሆነ በመርፌ እንዲታሰብላት ለሐኪሟ በደብዳቤ ጻፈች። ከሥራዋ አልፋ መድኃኒት አላዘዘችም።

እናቴ ከ41 ኪሎ ተነሥታ 48 ደርሳለች። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ።

የእናቴን ምግብ ለሌላ በሽተኛ እንዳለ አትስጡ። ትልቁ አንጀት የወጣለት ወይም ሰገራው በሆዱ በኩል የሚወጣ ሰው ምክሩ ይለያል። ባለሙያዋ የምትሠራው አዲስ አበባ ነው፤ አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የመውጫ ወረቀቱን ያዙ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ከአንጀቱ የትኛው ክፍል፣ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደተቆረጠ ነው።