አንድ አብዮት፣ ሁለት መንግሥት

አሜሪካውያን ከእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ አገዛዝ ከተላቀቁ በኋላ አገሪቱን በሁለት የተለያዩ ሰነዶች ሞክረዋታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያው በ1781 የጸደቀው የኮንፌዴሬሽን (የላላ የግዛቶች ኅብረት) ሰነድ ነው። 13ቱ ግዛቶች፣ ትልቅም ሆኑ ትንሽ፣ በኮንግረሱ (በተወካዮቻቸው ጉባኤ) አንድ አንድ ድምፅ ነበራቸው። አገር የሚመራ ፕሬዚዳንት የለም። ኮንግረሱ ግብር መጣል ስለማይችል ግዛቶቹን ደጅ ይጠናል። የንጉሡ ግብር ላንገሸገሸው ሕዝብ ይህ ምርጫ አይገርምም። ችግሩ፣ ሰነዱን ለማሻሻል የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ ይጣል ሲባል ትንሿ ሮድ አይላንድ እምቢ አለች። በቃ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ።

በ1786 ደግሞ ዕዳና ግብር ያስመረራቸው የማሳቹሴትስ ገበሬዎች ተነሱ። ዳንኤል ሼይስ ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ፍርድ ቤቶችን ዘጉ። ኮንግረሱ ጦር የሚያዘምትበት ሳንቲም አልነበረውም፤ አመጹን ለማፈን ገንዘብ ያዋጡት የቦስተን ባለሀብቶች ናቸው። መንግሥት ማለት ይሄ ከሆነ ጉድ ነው!

በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን፣ ፕሬዚዳንትና ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይዞ መጣ። ለማሻሻልም የሦስት አራተኛ ግዛቶች ማጽደቅ ይበቃል። እኔ ብጠየቅ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ግን እያመመኝ። ለውክልና ሲባል፣ ማለትም የግዛቶቹን የምክር ቤት መቀመጫ ለመደልደል፣ በባርነት የተያዘውን ሰው የአንድ ሰው ሦስት አምስተኛ አድርጎ ቆጥሮታል። ደካማ የተባለው የኮንፌዴሬሽን ኮንግረስ ግን በዚያው ዓመት ከኦሃዮ ወንዝ ሰሜን ምዕራብ ባለው ምድር ባርነትን ከልክሏል።