በሰዓት የምትከራየው ትንሽ ሜዳ፦ ገበያ ሲቀዘቅዝም የሚፈለግ አገልግሎት

ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ከዘጠኝ ጓደኞቼ ጋር አምስት ለአምስት የምንጫወትበትን ባለ ሰው ሠራሽ ሣር ሜዳ የምገመግመው እንደ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን፣ ኑሮ ሲከብድ የትኛው ሥራ ጸንቶ ይቆያል የሚለውን ጥያቄ ሲያብሰለስል እንደከረመ ሰውም ጭምር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከመካከላችን ሦስቱ ከሥራ ተቀንሰዋል፣ የጂም አባልነታቸውን ያቋረጡም አሉ፤ የማክሰኞዋን ሰዓት ግን ማንም አልተዋትም። ኪራዩ ለአሥር ሲካፈል በአንድ ሰው ላይ የሚያርፈው ድርሻ ትንሽ ነው፤ እጅ ያጠረውንም ሌሎቻችን ለአንድ ሳምንት ብንሸፍንለት አይከብደንም።

በባለሜዳው በኩል ያለው ስሌት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። 105 በ68 ሜትር የሆነ መደበኛ ሜዳ 7,140 ካሬ ሜትር ይዞ በአንድ ጊዜ 22 ሰው ብቻ ያጫውታል፤ 40 በ20 ሜትር የሆነችው የፉትሳል (አምስት ለአምስት የሚጫወቱት የትንሽ ሜዳ እግር ኳስ) ሜዳ ግን 800 ካሬ ሜትር ብቻ ስለምትፈልግ፣ ለመተላለፊያና ለአጥር የሚሆነው ተቀንሶ እንኳ በዚያው ቦታ ስድስት ሜዳ ይወጣል፤ 60 ሰውም በአንድ ጊዜ ይጫወታል። ፉትሳል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1930 በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴኦ፣ በወወክማ ውስጥ፣ የስፖርት መምህሩ ሁዋን ካርሎስ ሴሪያኒ የጀመረው በጠባብ ቦታ እንዲመች አድርጎ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ሰዓታችንን ለሌላ አለመስጠታቸውን ነው። አንድ ጊዜ የበለጠ የሚከፍል ቡድን መጥቶ ሥራ አስኪያጁ «የማክሰኞ ሁለት ሰዓት ባለቤት አላት» ብሎ ሲመልሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ቡሺ ፓርክ ውስጥ በ13 ሯጮች የተጀመረው ፓርክረን የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ወደ ብዙ አገሮች የተስፋፋው ነጻ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ቅዳሜ ጠዋት ቀኑን ሳያዛንፍ በመካሄዱም ይመስለኛል። አማተር ስፖርተኛ የሚመላለሰው ቀኑንና ሰዓቱን እርግጠኛ ወደሆነበት ቦታ ነው።

ቅሬታዬ በሣሩ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ሠራተኛ ከየጨዋታው በፊት በመጥረጊያ እየዞረ መሬቱን ለማለስለስ በሣሩ መካከል ተነስንሶ የተበተነውን የላስቲክ ፍርፋሪ ወደ ግቡ አፍ ይመልስ ነበር፤ ገቢ ሲቀንስ ግን መጀመሪያ የተሰናበተው እሱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በግቡ ፊት ያለው መሬት ጠንክሮ በረኛችን ሁለት ጊዜ ክርኑ ተልጧል፤ ደንበኛ የሚያስቀረውም እንዲህ ያለው ቁጠባ ነው። በዘርፉ ለመሰማራት የሚያስብ ሰው፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ የዚህን ፍርፋሪ ሽያጭ ከ2031 ጀምሮ እንደሚከለክል አውቆ፣ ከወዲሁ እንደ ቡሽ ያለ አማራጭ ቢያነጥፍ ይበጀዋል። ዶፍ ዝናብ ጨዋታ ባስቀረበት ማታ ሙሉ ክፍያ መጠየቃቸውም አግባብ አልነበረም።

እንዲህም ሆኖ ለሌሎች ቡድኖች ያለማመንታት እጠቁመዋለሁ። ብቻ፣ ሰዓት ከመያዛችሁ በፊት በግቡ አፍ ቆማችሁ መሬቱን በተረከዛችሁ ጫን በሉት፤ ጠንክሮ አልሰጥ ካለ የግቢውን ሌሎች ሜዳዎችም ዞራችሁ እዩና የተሻለውን ምረጡ።