ለልጄ ሐይቅ የመረጡልን አዛውንት ዓሣ አጥማጅ፦ ምስጋናዬና ጥቆማዬ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ልጁን ዓሣ ማጥመድ ሊያስተምር ያሰበ ወላጅም እንዲህ ያለ ሰው እንዲፈልግ አጥብቄ እመክራለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም። ዕድሜያቸውን በሙሉ በውሃ ላይ ያሳለፉ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ የሰባት ዓመቷ ልጄ ደግሞ ካየቻቸው ቀን ጀምሮ አባባ ትላቸዋለች።

እርሳቸውን ሳናውቅ ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጃችንን ተመልሰናል። የመጀመሪያውን ሐይቅ የመረጥኩት ትልልቅ ዓሣ ይወጣበታል ሲባል ሰምቼ ነበር። ዳርቻው ገደል ሆኖ ጠበቀን፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ቢባል ውሃው አዋቂ ያሰጥማል። የልጄን ቀሚስ እንደጨበጥኩ ዋልኩ፤ እርሷም ክሩን በነፃነት መጣል ሳትችል ቀረች። ሁለተኛው ሐይቅ ዳርቻው ለጥ ያለ ነበር፤ የደረስነው ግን በቀትር ነው። መንጠቆው ከውሃ ውስጥ ሣር ጋር ሲጠላለፍ አንድም ዓሣ ሳይነካን ፀሐይዋ አናታችንን መታችን። በመጨረሻ ልጄ «እማዬ፣ ዓሣዎቹ ጠልተውን ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ጋሼን ያገኘናቸው የዚያን ዕለት ልንመለስ ስንል፣ ከዛፍ ጥላ ሥር መረባቸውን ሲጠግኑ ነው። የምንፈልገውን ስነግራቸው ስለ ዓሣ አንድም ነገር አላነሡም። ልጅቷ ዋና ትችል እንደሆነ፣ ሳትሰለች ምን ያህል እንደምትቀመጥ፣ ትል መንካት ትፈራ እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ትልቅ ዓሣ ያለበትን ውሃ ለራስሽ ፈልጊው፤ ለእርሷ ትንንሹ ዓሣ ቶሎ ቶሎ የሚነካበት ይሻላል» አሉኝ። እኔ ስመርጥ የነበረው ለራሴ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድም መንጠቆ ሳንጥል ሦስት ውሃዎችን አዞሩን። ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ለዚህ ቀን ነው። በመጀመሪያው ውሃ ላይ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል አረንጓዴ ሽፋን ተንሳፍፎ ነበር። ከሩቅ አይተውት ከመንገድ መለሱን፤ እንዲህ ያለው ሽፋን መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል ሰውም ውሻም ሊነካው አይገባም አሉ። ሁለተኛው ውብ ነበር፤ ሸምበቆውና ጸጥታው ልቤን ወሰደው። ጋሼ ግን ጎንበስ ብለው ከሸምበቆው ሥር ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አሳዩን። የቢልሃርዚያ ተውሳክ በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ አድጎ ወደ ውሃው ይወጣና በሰው ቆዳ በኩል ይገባል። እግሩን ውሃ ውስጥ ሳይነክር የሚውል ልጅ ደግሞ የለም፤ ስለዚህ አለፍነው።

ሦስተኛው አሁን የምንመላለስበት ነው። ሦስት ሜትር የሚሆን ቀርከሃ ይዘው ዳርቻውን እየለኩ ሄዱ፤ ቀርከሃው በሚደርስበት ርቀት ሁሉ ውሃው ከወገባቸው አያልፍም። መቆሚያው ጠጠር ነው፣ አያንሸራትትም፤ ከኋላ የዛፍ ጥላ አለ። ዓሣ በል ወፎች ጠዋት ጠዋት በዚያ በኩል ይጠልቃሉ፤ ትንንሽ ዓሣ መኖሩን ከወፍ በላይ የሚነግር የለም አሉ። ነፋሱም ወደዚያ ዳርቻ ስለሚነፍስ የሚንሳፈፈውን ምግብ ይሰበስበዋል፣ ዓሣውም ምግቡን ተከትሎ ይመጣል።

በጠራው ውሃ ሥር ሳህን የሚያክሉ ክብ ጉድጓዶች ይታዩ ነበር። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ወንዶች በአፋቸው የሚቆፍሯቸው የእንቁላል መጣያዎች ናቸው። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ መልሳ በአፏ ታነሣዋለች፤ ተፈልፍለውም ጫጩቶቹ ለጥቂት ጊዜ በአፏ ውስጥ ይጠለላሉ። ልጄ ይህን ስትሰማ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ጋሼ በጉድጓዶቹ ላይ እንዳንጥል ከለከሉንና ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ አድርገው አቆሙን። ከዚያ ወዲህ ለያዘችው ዓሣ ሁሉ «ልጆች አሏት?» ብላ ትጠይቃለች፤ እርሳቸውም እንቁላል የያዘች ሴት ምግብ ስለማትፈልግ መንጠቆ እምብዛም እንደማትነካ በየጊዜው ሳይሰለቹ ይመልሱላታል።

የምንሄደው ጎህ ሲቀድ ነው። የዓሣ ሰውነት ሙቀት ከውሃው ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ውሃው ሲሞቅም የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ በቀትር ከዳር ርቆ ወደ ጥልቁ የሚሸሸው ዓሣ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ይመለሳል። የዚያን ቀን ዓሣዎቹ ጠልተውን አልነበረም፤ ለልጄም ይህንኑ ነገርኳት።

መሣሪያው ቀላል ነው፦ ማጠንጠኛ የሌለው የቀርከሃ ዘንግ፣ ክር፣ ቡሽ፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ትል። ከመንጠቆው ጫፍ አጠገብ ወደ ኋላ የተቀለበሰችውን ትንሽ እሾህ በጉጠት ተጭነው አስተኟት፤ እንዲህ ሲሆን ከዓሣውም ከልጅ ጣትም በቀላሉ ይወጣል። ክሩን ለማስጠም እርሳስ ገዝቼ ነበር፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ ልጅ ደግሞ በጥርሷ ትነክሰዋለች ብለው በትንሽ የብረት ዳዶ ተኩልኝ። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ጃኬት ካለበሷት በኋላ በትከሻው ይዘው ወደ ላይ ሳቡት። ጆሮዋ ድረስ ስለወጣ «ሰፊ ነው፣ ቀይሪው» አሉኝ። እኔ ለሚቀጥለው ዓመትም ይሆናል ብዬ ሰፊ መግዛቴ ነበር። ጃኬት ብትለብስም ከክንድ ርቀት እንዳላርቃት አስጠነቀቁኝ፤ የሚሰጥም ልጅ ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማምና።

የመጀመሪያው ቆሮሶ ሲመጣ ከመዳፏ አይበልጥም ነበር። ጋሼ ዓሣውን ከመንካቷ በፊት እጇን በሐይቁ ውሃ አስነከሯት፤ ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፍፈዋል። በሁለት እጇ ያዘችው፣ ዓይኑን አየችው፣ ራሷ ለቀቀችው። ድምፅ አላወጣችም። እኔ ግን አለቀስኩ።

አምባዛ ከመጣ እርሳቸው ራሳቸው ይይዙታል፤ በጎንና ጎን ክንፎቹ ላይ ያሉት እሾሆች ክፉኛ ይወጋሉ። የተበጠሰ ክርም አንድ ክንድ እንኳ አያስቀሩም፤ ናይለን ሳይበሰብስ ለዓመታት ይቆያል፣ የወፍ እግርም ያስራል።

ጋሼ ብዙ ዓሣ ተይዞ እንዲኬድ ለሚፈልግ ሰው አይሆኑም። ልጅቷ ገና እየጓጓች ሳለ «ለዛሬ በቃ» ይላሉ፤ እኔም መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ከአልጋዋ ቀድማኝ የምትነሣው ለዚህ እንደሆነ አያለሁ። ትዕግሥት ላለው ወላጅ ያለ ስጋት እጠቁማቸዋለሁ።

ማግኘት የሚፈልግ በግል ይጻፍልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛለሁ። የልጁን ዕድሜና ዋና መቻል አለመቻሉን አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እርሱን ነው። ርቃችሁ የምትኖሩ ደግሞ በአቅራቢያችሁ ካለ ሐይቅ ዳር መረቡን የሚጠግን ሰው ፈልጉና፣ ማጥመድ የሚፈቀድበትን ቦታና ወቅት ጭምር ጠይቁት። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ለቅዳሜ ትሉን ቆፍራ አዘጋጅታለች።