ዊንዶውስ፣ ማክ ወይስ ሊኑክስ? መስኮትን በኪቦርድ ለሚያዝ ሰው

ላፕቶፕ ሲገዛ ሁሉም ስለ ራምና ስለ ባትሪ ይጠይቃል። ቀኑን ሙሉ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ከፍቶ ለሚተረጉም ወይም በኤክሴልና በኢሜይል መካከል ለሚመላለስ ሰው ግን ማሽኑ መስኮቶችን ያለ ማውስ እንዴት እንደሚደረድርም መታየት አለበት።

ምንም ሳይጫንበት፣ ከካርቶኑ እንደወጣ የሚያሸንፈው ዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ይዘው የግራ ቀስት ሲጫኑ መስኮቱ የስክሪኑን ግራ ግማሽ ይይዛል፤ ወዲያው በቀኝ በኩል ሌሎቹ ክፍት መስኮቶች በትንንሹ ይደረደራሉ። በቀስት መርጦ ኢንተር መምታት ብቻ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ሳይለቁ የላይ ቀስት ቢጨምሩ ደግሞ መስኮቱ ጥግ ይዞ ሩብ ይሆናል። ግማሹ ከዊንዶውስ 7 (2009 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ ሩቡ በዊንዶውስ 10 መጣ። ዊንዶውስ 11 ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ከዜድ ጋር ሲጫኑ የተዘጋጁ አከፋፈሎች ይወጣሉ።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ከኢንቴል ማሽኖች ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ፕሮሰሰራቸው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ የሆነውን ነው። በዊንዶውስ 10 የቀረ ማሽን የዜዱ አከፋፈል የለውም፤ እሱ እንኳ ብዙ አያሳስብም፣ ማይክሮሶፍት በነጻ በሚሰጠው ፓወርቶይስ በሚባል የመሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ ፋንሲዞንስ አለና። ሰፊ ሞኒተርን እንደፈለጉ ይሸነሽንበታል፤ ለእኔ ከዜዱም ይበልጣል። የሚያሳስበው የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ማብቃቱ ነው።

ማክ በዚህ ጉዳይ ዘግይቷል። መስኮትን በኪቦርድ ግማሽ ማድረግ በራሱ የመጣው በ2024 ሴኮያ ከሚባለው የማክኦኤስ ስሪት ጋር ነው፤ ኤፍኤንና ኮንትሮልን ይዞ ቀስት መጫን። ሴኮያን ለመጫን ማክቡክ ፕሮ ከሆነ የ2018፣ ኤር ከሆነ የ2020 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት ላለው ሬክታንግል የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፦ ኮንትሮልና ኦፕሽን ከቀስት ጋር ለግማሽ፣ ከዲ፣ ከኤፍና ከጂ ጋር ለሲሶ። ማግኔት ይህንኑ በክፍያ ይሠራል፤ እኔ አልከፍልበትም። አዲስ ማክ ገዢን የሚያናድደው ሌላ ነው፦ ኮማንድና ታብ የሚያዘዋውሩት ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም እንጂ ከመስኮት ወደ መስኮት አይደለም። ሁለት የወርድ ሰነድ ከከፈቱ በመካከላቸው የሚመላለሱት በሌላ ሾርትከት ነው። በዊንዶውስ አልትና ታብ ሁሉንም ያሳያሉ።

ሊኑክስ ውስጥ ከሚመረጡት የዴስክቶፕ ገጽታዎች ኬዲኢ ፕላዝማ ሩብም ይችላል፤ ኖም በራሱ ከግማሽ አያልፍም። አይ3 የሚባለው የመስኮት ማደራጃ መስኮቶችን ራሱ ይደረድራል፤ ነገር ግን ቅንብሩ የሚጻፈው በጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ተርሚናል ውስጥ ለሚውል ፕሮግራመር እንጂ ለቢሮ ሠራተኛ አልመክረውም።

በየትኛውም ላይ ሾርትከት ሲቀይሩ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚቀያይሩበትን አይንኩ፦ በዊንዶውስ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ፣ በማክ ብዙውን ጊዜ ኮንትሮልና ስፔስ።