ማርማላታው ይቅደም ወይስ ክሬሙ? የሮዳስ ክሎትድ ክሬም በትኩስ ስኮን

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። በእንግሊዝ ሱፐርማርኬቶች ከቀመስኳቸው ክሬሞች ውስጥ ለስኮን የሚሆነው ሮዳስ ነው። ስኮኑ ትኩስ ከሆነ ደግሞ ማርማላታው ይቀድማል፣ ክሬሙ ይከተላል። ይህን የምጽፈው ፕሊማውዝ ተቀምጬ ነው። ፕሊማውዝ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዴቨን በሚባል ግዛት ውስጥ ነው፤ ዴቨን ደግሞ ክሬሙ ይቅደም ባዮች አገር ነው። ቢሆንም ያመንኩበትን እናገራለሁ።

ለማያውቁት፣ ስኮን ከፍርኖ ዱቄት፣ ከቅቤና ከወተት የሚጋገር ትንሽ ክብ ዳቦ ነው። የሚነሳው በእርሾ ሳይሆን በቤኪንግ ፓውደር ነው። ከእንጆሪ ማርማላታ፣ ከክሎትድ ክሬምና ከሻይ ጋር ሲቀርብ «ክሪም ቲ» ይባላል። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፣ ክሬሙ ሻዩ ውስጥ አይገባም። ሻዩ በወተት ነው የሚጠጣው።

ክሎትድ ክሬም ተመትቶ አረፋ የሆነ የኬክ ክሬም አይደለም። ከወተት የወጣው ክሬም ሰፋ ባለ ዕቃ ይደረግና ለሰዓታት በቀስታ ይሞቃል። እንዲፈላ አይፈቀድለትም። ከዚያ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይተዋል። በዚህ መሀል ቅባቱ ወደ ላይ ወጥቶ ይረጋል፣ ላዩም ወርቃማ ቅርፊት ያበጃል። ወተት ፈልቶ ሲበርድ ላዩ ላይ የሚጋግረውን ስልባቦት አስቡት፤ እሱን አወፍሩት፣ አክብዱት፣ ያኔ ትቀርቡታላችሁ።

ሮዳስ የቤተሰብ ድርጅት ነው። ከ1890 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የዴቨን ጎረቤት በሆነው ኮርንዎል ውስጥ፣ ሬድሩዝ ከተማ አጠገብ ስኮሪየር በምትባል መንደር ይሠራል። ዕቃው ላይ «ኮርኒሽ ክሎትድ ክሬም» (የኮርንዎል ክሎትድ ክሬም) ብሎ ማንም እንደፈለገ መጻፍ አይችልም። ስሙ ከ1998 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ወተቱ የኮርንዎል መሆን አለበት፣ ቅባቱም ከ55 በመቶ ማነስ የለበትም።

ክዳኑን ስትከፍቱ መጀመሪያ የምታዩት ቅርፊቱን ነው። ደማቅ ቢጫ ነው፤ ትንሽ የተጨማደደ፣ እዚህም እዚያም የቆረፈደ። ማንኪያ ሲገባበት ይሰነጠቅና ከሥሩ ነጣ ያለ፣ ለስላሳና ወፍራም ክሬም ይወጣል። ስኳር የለውም። ግን ወተቱ ለረጅም ሰዓት ስለሞቀ የራሱ ጣፋጭነት አለው፤ እንደ ለውዝ ያለ ጣዕምም ከኋላ ይመጣል። አንዳንዱ ቅርፊቱን ገፎ ይጥላል። እባካችሁ አታድርጉት! የክሬሙ ነፍስ እሱ ነው። ለሁሉም ሰው ከቅርፊቱም ከሥሩም እንዲደርሰው አድርጋችሁ ቅዱ።

አሁን ወደ ክርክሩ። ፕሊማውዝን ከኮርንዎል የሚለየው ታማር የሚባል ወንዝ ነው። ድልድዩን ስትሻገሩ ሕጉ ይገለበጣል። ዴቨን ውስጥ ክሬሙ ከታች ማርማላታው ከላይ፤ ኮርንዎል ውስጥ ማርማላታው ከታች ክሬሙ ከላይ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ስለሆነ ሁለቱንም ወገን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አያለሁ። አንዲት የዴቨን እናት አሉ። ክሬሙን በቢላዋ ጀርባ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል ይቀቡታል። ከዚያ መሀሉ ላይ ጥቂት ማርማላታ ጠብ ያደርጋሉ። «ዳቦ ላይ ማርማላታ ቀብተሽ ቅቤውን ከላይ ታደርጊያለሽ እንዴ?» ይሉኛል። ፊት ለፊታቸው የሚቀመጡት የኮርንዎል አባት ማርማላታውን አስቀድመው ያለብሱና ክሬሙን በማንኪያ ቆልለው ያስቀምጡበታል። የእሳቸው መልስ አጭር ነው፦ «ትኩስ ላይ ክሬም ካደረግሽ ይቀልጣል።»

እኔን ያሳመነኝ የእሳቸው ነው። ከምድጃ በወጣ ስኮን ላይ ሁለቱንም አድርጌ አይቻለሁ። ክሬሙ ከታች ሲሆን ወዲያው ይላላል፣ ዳቦው ውስጥ ይሰርጋል፤ ማርማላታውም በላዩ ላይ ይንሸራተታል። ማርማላታው ከታች ሲሆን ግን ሙቀቱን ይችለዋል፣ ክሬሙም ከላይ ቀዝቃዛና ወፍራም ሆኖ ይቆያል። ስትገምጡት ቅዝቃዜው መጀመሪያ፣ ሙቀቱ በኋላ ይደርሳል። በአንጻሩ ስኮኑ የበረደ ከሆነ የዴቨኗ እናት ልክ ናቸው። የበረደ ስኮን ደረቅ ይላል፣ ክሬሙ እንደ ቅቤ ሆኖ ያርሰዋል። ለእኔ ነገሩን የሚወስነው ወንዙ ሳይሆን ሙቀቱ ነው።

ሰው ምን ያህል እንደሚያከርረው ለማወቅ የ2018ቱን ነገር ማስታወስ ይበቃል። ቅርሶችን የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት ኮርንዎል ውስጥ ላለው ላንሃይድሮክ ለሚባል ጥንታዊ ትልቅ ቤት የእናቶች ቀን ማስታወቂያ አወጣ። ፎቶው ላይ ክሬሙ ከታች ነበር። ቁጣው በአንዴ ተነሳ፤ አባልነቴን እሰርዛለሁ ያለም ነበር። መጨረሻው ይቅርታ መጠየቅ ሆነ። እኔ ይህን እንደ ቀልድ ብቻ አላየውም። ሰው የአገሩን ምግብ አቀራረብ ሲጠብቅ ደስ ይለኛል። እኛስ ከሦስቱ የቡና ስኒዎች አንዱ ቢጎድል ዝም እንላለን?

አጠራሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን እንግሊዝ በአብዛኛው አጭር አድርገው «ስኮን» ይላሉ። ወደ ደቡብ ስትወርዱ «ስኮውን» የሚለው ይበዛል፤ ግን እዚያም ተደባልቋል። እኛ ሥራ ቦታ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ይሰማሉ። እኔ «ስኮን» እላለሁ፣ ለአማርኛ አፍም ይቀላል። ስኮትላንድ ውስጥ ፐርዝ አጠገብ በተመሳሳይ ፊደል የምትጻፍ መንደር አለች፤ እሷ ግን «ስኩን» ነው የምትባለው። የስኮትላንድ ነገሥታት የሚነግሡበት ድንጋይ የዚያች መንደር ነበር። ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1296 ወደ እንግሊዝ ወስዶት በ1996 ተመለሰ፤ አሁን ፐርዝ ሙዚየም ውስጥ ነው። ስለዚህ ካፌ ገብታችሁ «ስኩን» አትዘዙ እንጂ ከሁለቱ የፈለጋችሁትን በሉ።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ባሕር ዳርቻ ያለ አንድ ካፌ ክሪም ቲ አዝዤ ስኮኑ በማይክሮዌቭ ሞቆ መጣ። ዳሩ ጎማ፣ መሀሉ እሳት። አብሮት የቀረበው ክሬም ደግሞ ከቆርቆሮ የሚረጨው ዓይነት ነበር። ሻዩ ሳይበርድ እሱ ውሃ ሆነ። በዚህ ክሬም ከታችም ሆነ ከላይ ብሎ መከራከር አይቻልም። ካፌ ስትገቡ መጀመሪያ ክሬሙ ክሎትድ መሆኑን ጠይቁ፤ ካልሆነ ኬክ እዘዙ።

ከዚያ ይልቅ ቤት መጋገር ይሻላል፣ ከባድ አይደለም። ቤኪንግ ፓውደር አስቀድሞ የገባበት 225 ግራም ዱቄት፣ 55 ግራም ቀዝቃዛ ቅቤ፣ 25 ግራም ስኳር፣ 150 ሚሊ ሊትር ወተት፣ ቁንጥር ጨው። ቅቤውን ዱቄቱ ውስጥ በጣታችሁ ጫፍ እሹት። የዳቦ ሊጥ ስናቦካ እንደምናደርገው አትታገሉት፤ ወተቱ ከገባ በኋላ ሊጡ እንደተያያዘ ተዉት። ብዙ ከታሸ ይጠነክራል። ወደ ሁለት ሳንቲ ተኩል ውፍረት አድርጋችሁ በብርጭቆ አፍ ቁረጡ። ስትቆርጡ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ እንጂ አታዙሩት፤ ካዞራችሁት ጠርዙ ይታፈንና ስኮኑ ተጣሞ ይነሳል። በ220 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ከወጣ በኋላ በቢላዋ አትቁረጡት፣ በእጅ ለሁለት ክፈሉት። ሻካራው ገጽ ማርማላታውን ይይዛል።

ክሬሙን ስኮኑ ምድጃ ሲገባ ከፍሪጅ አውጡት። በጣም ከቀዘቀዘ አይቀባም፣ ዳቦውን ይፈረፍረዋል። ማርማላታው የእንጆሪ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ግን ኮምጠጥ የሚል ይሁን። ክሬሙ ከባድ ስለሆነ ስኳር ብቻ የሆነ ማርማላታ አብሮት ያሰለቻል።

ለጾመኛ ይህ ሁሉ የፍስክ ነው፤ ዳቦው ውስጥም ቅቤና ወተት አለ። እኛ ቤት ከፋሲካ በኋላ ነው የሚመለሰው። አዲስ አበባ ያላችሁና ክሎትድ ክሬም የማታገኙ ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ በትንሽ ክሬም መትታችሁ ሞክሩት። ሮዳስን አይተካም፣ ግን ለትኩስ ስኮን ጥሩ ጓደኛ ነው።

227 ግራም የሚይዘው ዕቃ 3 ፓውንድ ገደማ ነው የገዛሁት። አራት ሰው በደንብ ያጠግባል። ከተከፈተ በኋላ ብዙ ስለማይቆይ ለሁለት ሰው ትንሹን ግዙ።